ስለ ከተማ ጥራጊና ስለ ገጠር ከብት

በዚህ የእርሻ ዐምድ ስለ ዘርና ስለ ማረሻ፣ ስለ ከብት በሽታና ስለ ዝናም መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ስለ ከተማ ጥራጊ እንጽፋለን። አንባቢው፣ «የከተማ ጥራጊ የማዘጋጃ ቤት ጕዳይ ነው እንጂ ለገበሬና ለከብት አርቢ ምኑ ነው?» ቢለን አይፈረድበትም። መልሱን የሚያገኘው ግን ማለዳ ከሐርጌሳ ከተማ ዳር ለግጦሽ የሚወጣውን የፍየል መንጋ የተከተለ እንደ ሆነ ነው። ትናንት ማታ ከአንድ ቤት በር ውጭ የተጣለው ፌስታል ሌሊቱን በነፋስ ተነድቶ በግራር እሾህ ላይ ተሰቅሏል። ፍየሊቱም በውስጡ የቀረውን የጨውና የምግብ ሽታ ተከትላ ትውጠዋለች። እንግዲህ ከተማው የጣለውን ገጠሩ ይበላዋል ማለት ይህ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ፣ የቤቶች ሁሉ ጥራጊ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዕጣው እንደ ሰፈሩ መለያየቱ ነው። የሽንኵርት ልጣጭ፣ የሻይ ዝቃጭ፣ የከሰል አመድ፣ ባዶ ጣሳና ፌስታል ከባለጸጋውም ከድኻውም ቤት ይወጣል። ነገር ግን የአንደኛው በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ የሁለተኛው በግቢ ውስጥ ይቃጠላል፤ የሦስተኛው በፈፋ ውስጥ ይደፋል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ምን እንደ ሆነ፣ በምንስ መንገድ ሊታረም እንደሚችል፣ ሐርጌሳን ዋና ምሳሌ አድርገን፣ የአገራችንንም ከተሞች እያነጻጸርን እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሐርጌሳና ስለ ሌሎች የውጭ አገሮች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠቀሱት ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

ከፍርስራሽ የተነሣች ከተማ

ሐርጌሳ የሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ ናት። ከበርበራ ወደብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ከቶጎ ውጫሌ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቈረቈረች ስለ ሆነች አየሯ እንደ በርበራ አያቃጥልም፤ ዝናሟ ግን በዓመት በ400 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ ምድሯ ከእርሻ ይልቅ ለግመልና ለፍየል፣ ለበግም የተመቸ ነው።

ይህች ከተማ በ1988 በእርስ በርስ ጦርነት ከአየርና ከመድፍ በወረደባት ድብደባ አብዛኛው ቤቷ ፈረሰ። ሕዝቧም ጠረፉን ተሻግሮ በጅጅጋ አካባቢ በሐርተሼክና በሌሎችም የስደተኛ ሰፈሮች ተጠለለ። በግንቦት 1991 ሶማሌላንድ ራሷን የቻለች መንግሥት መሆኗን ካወጀች በኋላ ስደተኛው እየተመለሰ እንደ ዐቅሙ መሥራት ጀመረ። ገንዘብ ያለው የድንጋይ ቤት፣ የሌለው የእንጨትና የጨርቅ ጎጆ ሠራ። በኋላም ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ዘላን መጥቶ ከዳር ሰፈረ። በዚህ ዓይነት ከተማይቱ ከፕላኗ ቀድማ አደገች። የዛሬ ነዋሪዋ ቍጥር በአንድ ሚሊዮን አካባቢ እንደሚሆን ይገመታል።

መንገድ ሳይቀየስ ቤት የተሠራበት ከተማ ሁሉ፣ ጥራጊ የሚያነሣ መኪና የሚገባበት ሰፈርና የማይገባበት ሰፈር ይኖረዋል። የሐርጌሳም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ከተማ፣ ሦስት ዐይነት ሰፈር

የሐርጌሳ ማዘጋጃ ቤት የቤት ጥራጊ የማንሣቱን ሥራ በአብዛኛው በውል ለግል ኩባንያዎች ሰጥቷል። ኩባንያዎቹ ሰፈር ተከፋፍለው በመኪና ያነሣሉ፤ ከየቤቱም የወር ክፍያ ይቀበላሉ። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም አንድ ነው። በምድር ላይ ሲታይ ግን ሦስት ዐይነት ሰፈር አለ።

የመጀመሪያው ገበያውና የዋናው ጐዳና ዳር ነው። እዚህ ጥራጊው በዐይን ፊት ስለሚከመርና ነጋዴውም ከፋይ ስለ ሆነ፣ ጠራጊውም መኪናውም አይጠፋም። የገበያው ጥራጊ የካርቶን ወረቀት፣ የበሰበሰ ፍራፍሬና አትክልት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአወዳይና ከአካባቢው ተጭኖ የሚመጣው ጫት ገረባ ነው። ገረባው በራሱ ጕዳት የለውም፤ ፍየሎች እየተሻሙ ይበሉታል። ጕዳቱ ያለው ጫቱ እንዳይጠወልግ በሚጠቀለልበት ላስቲክ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቅያስ መንገድ ያለው የመኖሪያ ሰፈር ነው። መኪናው እስከ በር ይደርሳል፤ ቤተ ሰቡም ወርኀዊውን ለመክፈል ዐቅም አለው። የከፈለው ቤት ጥራጊ ይነሣል። ያልከፈለው ጎረቤት ግን ሌሊት አውጥቶ ከመንገድ ዳር ሲደፋው፣ የከፋዩን ቤት ፊት ያቈሽሻል። ስለዚህ ንጽሕና እንደ ዳቦ በየቤቱ የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንዱ ቤት ባልከፈለ ቍጥር ሙሉ ሰፈሩ ይጐዳል።

ሦስተኛው የኰረብታው ጥግ፣ የፈፋው ዳርና የተፈናቃዮች ሰፈር ነው። ቀድሞ የእንግሊዝ አገረ ገዥ መኖሪያ በነበረው በስቴት ሐውስ ግቢ ለብዙ ዓመታት የኖሩትን፣ ወይም ከከተማው ውጭ በዲጋሌ የሰፈሩትን ቤተ ሰቦች ለምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ጎጆዎቹ እርስ በርሳቸው በተጣበቁበት ቦታ መኪና መግቢያ አያገኝም። የዕለት ጕርሱን በቀን ሥራ የሚያገኝ ሰውም ስለ ጥራጊ ወርኀዊ ክፍያ ሲጠየቅ ዱቄቱን ያስቀድማል። በዚህ ምክንያት ጥራጊው ይቃጠላል ወይም በፈፋ ይጣላል። ላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ለሕፃናት ሳንባ መርዝ መሆኑን ሁሉም አያውቅም፤ የሚያውቀውም ሌላ መንገድ የለውም።

እንግዲህ ጥፋቱ የሦስተኛው ሰፈር ሰዎች ሥነ ሥርዐት ማጣት ነው ማለት ስሕተት ነው። ከእነርሱ ቤት የሚወጣው ጥራጊ ከሀብታሙ ቤት ያነሰ ነው፤ የሚወስድለት አጥቶ ዐይን ላይ መቅረቱ ግን ብዙ ያስመስለዋል።

ደረቁ ወንዝ

ሐርጌሳን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ማሮዲ ጄሕ የተባለው ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ለማያውቀው ሰው ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙው ሰው ጥራጊውን ወደዚያው ይወረውራል። ይሁን እንጂ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጥለው የበልጉ ዝናም በኰረብታዎቹ ላይ ሲወርድ፣ በየፈፋው የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ወንዙ ይጠረጋል፤ ጐርፉም ተሸክሞት ይሄዳል።

የሚሄደው ወዴት ነው? ከከተማው በታች በወንዙ ዳር ቲማቲም፣ ሰላጣና ሎሚ የሚተክል ገበሬ አለ። በአሸዋው ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ ከብቱን የሚያጠጣ አርቢም አለ። ጐርፉ ፌስታሉን በአትክልቱ ላይ ያነጥፈዋል፤ በአፈሩ ውስጥ የተቀበረ ላስቲክም ውሃ ወደ ሥር እንዳይዘልቅ ይከለክላል። በፈፋው አፍ ላይ ሲወተፍ ደግሞ ጐርፉ ወደ ቤት ይመለሳል። በጥራጊ ያልተጠቀመው ገበሬ የጥራጊው ባለ ዕዳ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

በከብቱ ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው

ላም፣ በግ፣ ፍየልና ግመል ሁሉም የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። የዋጡት ሣርና ቅጠል በጨጓራቸው ተጠራቅሞ፣ ተመልሶ ታኝኮ፣ እስኪልም ድረስ ወደ ታች አያልፍም። ላስቲክ ግን ቢመሰኳም አይልምም። አንዱ ፌስታል በሌላው ላይ እየተጠመጠመ እንደ ገመድ ልቃቂት ይሆናል። ጨጓራው በዚህ ሲሞላ እንስሳው የጠገበ ይመስለዋል፤ ሣር በፊቱ እያለ መብላት ይተዋል። ሆዱ ተነፍቶ ጐኑ ግን እየከሳ ይሄዳል፤ ወተቷም ይነጥፋል። አርቢው የትኛው በሽታ እንደ ያዘው ሳያውቅ መድኀኒት ይገዛል። ለዚህ ግን ሆዱን ቀዶ ከማውጣት በቀር መድኀኒት የለውም፤ ይህም ለአንድ ፍየል የሚደረግ ወጪ አይደለም።

የሶማሌላንድ ኑሮ የቆመው በከብት ላይ ነው። ከበርበራ ወደብ በየዓመቱ ብዙ በግና ፍየል በተለይ ለሐጅ ወራት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይጫናል። ሳዑዲ ዐረቢያ ከ2000 እስከ 2009 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የከብቱን ንግድ በከለከለች ጊዜ አገሪቱ ምን ያህል እንደ ተቸገረች አርቢው አይረሳውም። ያን ጊዜ ገበያውን የዘጋው በሽታ ነበር። ዛሬ የፌስታሉ ጕዳት እንደዚያ በአንድ ቀን ዐዋጅ አይመጣም፤ በየመንጋው ውስጥ አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ ያልቃል እንጂ።

ስለዚህም ነው የሶማሌላንድ መንግሥት በ2005 ቀጭኑን ፌስታል የከለከለው። በየዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ሕዝቡ በምጸት «የሐርጌሳ አበባ» ይለው ነበር። በዚያው ዓመት የኤርትራም መንግሥት ቀጭን ፌስታል ከለከለ። ኢትዮጵያም በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የደረቅ ቈሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ከለከለች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላው የሚከለክል አዲስ ዐዋጅ ምክር ቤቱ አጸደቀ። በሐርጌሳ ክልከላው ከታወጀ በኋላም አበባው ከእሾሁ ላይ አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሻጩ ዕቃውን የሚይዝበት ሌላ ነገር በዚያው ዋጋ አላገኘም።

ፌስታል ከሌላው ጥራጊ የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ። ብረትና ጣሳ፣ ጠርሙስና ወፍራም ፕላስቲክ ገዢ አላቸው። በአዲስ አበባ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ከየቤቱ ገዝቶ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ተቀጥቅጠው ምድጃና ባልዲ ሆነው ይወጣሉ። ፌስታልን ግን ማንም አይገዛም። አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ መቶ ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን የቈሸሸ ነው። ዋጋ ያለው ጥራጊ በራሱ እግር ይሄዳል፤ ዋጋ የሌለው ግን ሕግና ማዘጋጃ ቤት ካልወሰዱት ነፋስ ይወስደዋል።

የአገራችን ከተሞች ልምድ

ከሐርጌሳ ብዙም ሳትርቅ ያለችው ሐረር ከጥንት ጀምሮ የራሷ ዘዴ ነበራት። በጀጎል ግንብ ላይ ከሰው መግቢያ በሮች ሌላ ለጅብ ማለፊያ የተተዉ ቀዳዶች አሉ። ጅቡ ሌሊት ገብቶ አጥንቱንና የሥጋውን ትርፍ ጠራርጎ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። ጥራጊው ሁሉ የሚበላ በነበረበት ዘመን ይህ በቂ ነበር። ጅብ አጥንት ይፈጫል፤ ፌስታል መፍጨት ግን ከጅብም ዐቅም በላይ ነው።

በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ደንብ ሌላ ነው። በየወረዳው የተደራጁ ማኅበራት በጋሪና በትከሻ ከየቤቱ ሰብስበው ወደ ገንዳው ያደርሳሉ፤ ከገንዳው ወዲያ ያለው የከተማው መኪና ሥራ ነው። ክፍያው በውሃ ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ይሰበሰብ ነበር። መኖሪያ ቤት የውሃ ሒሳቡን 20 ከመቶ፣ የንግድ ቤት 42.5 ከመቶ ይከፍል ነበር። የዚህ ደንብ ጥቅም ማንም እንዳያመልጥ ማድረጉ፣ ብዙ ውሃ የሚጠቀመውም ብዙ እንዲከፍል ማስገደዱ ነው። በባሕር ዳር ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ድሪም ላይት የተባለ የግል ኩባንያ የቤት ለቤት መሰብሰቡን ሥራ ይዞ ነበር። አንድ አገር፣ አንድ ዐዋጅ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ከተሞች አሠራር እንኳ አይመሳሰልም።

ይህ ልዩነት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር በአንዱ አውራጃ ወረቀት የሚጣልበት ገንዳ ቀለም በጎረቤቱ አውራጃ ለሌላ ጥራጊ የተመደበ ሆኖ ሕዝቡ ቤት በለወጠ ቍጥር ይደናገር ነበር። በ2021 የወጣው የአካባቢ ሕግ መሰብሰቡ በመላ እንግላንድ ተመሳሳይ እንዲሆን ያዘዘው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የአዲስ አበባው ደንብ በሐርጌሳ ቢሠራበትስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሐርጌሳ ውሃ በዋናው ከከተማው ሰሜን ካለው ከጌድ ዴብሌ ጕድጓዶች ይመጣል፤ ቧንቧው ግን ሁሉም ቤት አይደርስም። ብዙው ሰው ውሃ የሚገዛው ከቦቴ መኪናና ከአህያ ጋሪ ነው። ስለዚህ ክፍያው ከቧንቧ ጋር ቢታሰር፣ ቧንቧ የሌለው ሰፈር ከክፍያውም ከአገልግሎቱም ውጭ ይቀራል፤ የዛሬውም ልዩነት በሕግ ይጸናል ማለት ነው። አንዱን ከተማ የጠቀመ ደንብ ሌላውን የሚጠቅመው የሌላው ኑሮ ከተጠና በኋላ ብቻ ነው።

ሐርጌሳ የራሷ የሆነ ሁለት መሣሪያ አላት። አንደኛው የቤት መዝገብ ነው። ከ2004 ጀምሮ ከተማው ከተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ጋር ሆኖ፣ ለቤት ግብር ሲባል ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ወደ 59 ሺሕ የሚሆኑ ቤቶችንና ይዞታዎችን በካርታ አስመዝግቦ ነበር። ለግብር የተቈጠረ ቤት ለጥራጊም ሊቈጠር ይችላል። ሁለተኛው ከ2009 ጀምሮ የተስፋፋው ዛድ የተባለው በስልክ ገንዘብ መላላኪያ ነው። ሱቅም የዳቦ ዋጋም በስልክ በሚከፈልበት ከተማ፣ ጥቂት ሳንቲም በየሳምንቱ መቀበል አይቸግርም፤ ለቀን ሠራተኛም ከወርኀዊው ይልቅ የሳምንቱ ይቀልለዋል።

የሰንዳፋ ገበሬዎች ትምህርት

ጥራጊው ከከተማ ወጣ ማለት ጕዳቱ አለቀ ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ስትጥልበት ከኖረችው ከቆሼ ጥራጊዋን አንሥታ፣ በሰንዳፋ አካባቢ በዘመናዊ አሠራር ወደ ተሠራ አዲስ ቦታ ማጓጓዝ ጀምራ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ስለ ሽታው፣ ስለ ፍሳሹና ስለ ከብቶቻቸው ሕመም አቤቱታ አሰሙ። ሥራውም በዚያው ዓመት ተቋረጠ፤ ጥራጊው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ጥራጊን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የከተማውን ሸክም ለገጠር ከማሳለፍ በፊት ገጠሩን መጠየቅ፣ ከሁሉም በፊት ግን ሸክሙን ማሳነስ እንደሚገባ ነው።

ግማሹ ከቤት አይውጣ

የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ጥናት በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከሚወጣው ጥራጊ 56 ከመቶ ያህሉ የምግብና የአትክልት ትርፍ ነው። በእነዚሁ አገሮች ከጠቅላላው ጥራጊ የሚሰበሰበው 39 ከመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ቍጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። መኪናው ግማሹን እንኳ ማንሣት ሳይችል፣ ከግማሽ የሚበልጠው ጥራጊ መጀመሪያውኑ በመኪና መሄድ የማይገባው ነው።

በጃፓን ካሚካትሱ የተባለች አነስተኛ የገጠር ከተማ ከ2003 ጀምሮ ጥራጊ አልባ ለመሆን ወስናለች። ጥራጊ የሚያነሣ መኪና አይዞርባትም። ነዋሪዎቹ የወጥ ቤቱን ትርፍ በየቤታቸው አበስብሰው ለአትክልታቸው ያደርጉታል፤ የቀረውን 45 ያህል ክፍል ለይተው ወደ አንድ ጣቢያ ያደርሳሉ። 45 ክፍል ለእኛ አገር አይታሰብም፤ ሦስት ግን ይታሰባል።

አባቶቻችንም ይህን አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። በደጋው አገር ከቤት አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የሚለመልመው፣ አመዱና ፍጉ፣ የቤቱም ጥራጊ እዚያው ስለሚደፋ ነው። በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ብስባሽ እያዘጋጁ በማሳቸው እንዲሞክሩ በተደረገው ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ የኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጥቷል።

እንደ ሐርጌሳ ባለ ደረቅ አገር ብስባሽ የሚዘጋጀው በክምር ሳይሆን በጕድጓድ ነው፤ ክምር በነፋስና በፀሓይ ቶሎ ይደርቃልና። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በጥላ ሥር፣ ጐርፍ በማያገኘው ቦታ፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ጕድጓድ ይቈፈራል። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ቅጠል፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ ይነጠፋል። በላዩ ግማሽ ስንዝር የወጥ ቤት ትርፍ፣ ልጣጭና ፍየል ያልበላው ገረባ፣ ከዚያም ስስ አድርጎ የፍየል በጠጥ ወይም ፍግ፣ ጥቂት አፈርና እፍኝ አመድ ይደረጋል። አትክልት ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይርከፈከፍበታል። ጕድጓዱ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ ተደራርቦ በአፈር ወይም በአሮጌ ሰሌን ይሸፈናል።

ሲሞላ አንድ ረጅም በትር መሐል ለመሐል ይተከላል። በየሳምንቱ በትሩን መዝዞ መዳሰስ ነው። ሞቆና ወርዝቶ ከወጣ ሥራው ደኅና ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ይጨመር፤ ቀዝቅዞና ሸትቶ ከወጣ ውሃው በዝቷልና ደረቅ ቅጠል ገብቶበት ይገላበጥ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማገላበጥ ይገባል። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሆነው እንደ ጫካ አፈር ጠቍሮ ይፈረፈራል፤ ሽታውም የዝናም ጊዜ አፈር ሽታ ነው። በጕድጓዱ ውስጥ ላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ መድኀኒትና የሕፃናት መጸዳጃ ከቶ አይግባ።

ማን ምን ያድርግ

የቤት ባለቤቶች፦ ጥራጊውን በሦስት ይለዩ። የሚበላውን ለግቢው ፍየል፣ የሚበሰብሰውን ለጕድጓድ፣ ደረቁን ለመኪናው። ፌስታልን ከነምግቡ አስሮ መጣል ለከብት ወጥመድ ማጥመድ ነው። ባዶውን አራግፎ፣ ብዙውን በአንድ ከረጢት አጭቆ ማስረከብ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ገበሬዎችና አርቢዎች፦ ከገቢሌና ከአረብሲዮ አትክልትና ወተት ጭኖ ሐርጌሳ የሚገባው መኪናና ጋሪ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። በየሰፈሩ የተዘጋጀው ብስባሽ በዚሁ መመለሻ ቢጫን፣ አፈሩ ወደ ከተማ የላከውን ጕልበት መልሶ ያገኛል። አርቢውም መንጋውን ከከተማ ዳር ክምር ያርቅ፤ የከሳና ሆዱ የተነፋ እንስሳ ሲያርድ ጨጓራውን ከፍቶ ያገኘውን ለጎረቤቱ ያሳይ። ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

የማዘጋጃ ቤት ባለ ሥልጣኖች፦ መኪና የማይገባበትን ሰፈር እንደ መጨረሻ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ይቍጠሩት፤ የፈፋው ጐርፍ የሚነሣው ከዚያ ነውና። የአህያ ጋሪ መኪና በማይደርስበት ይደርሳል፤ ውሃ ይዞ የወጣው ጋሪ ጥራጊ ይዞ ሊወርድ ይችላል። በየፈፋው አፍ ላይ አንዳንድ መሰብሰቢያ ቦታ ተከልሎ፣ ከዝናሙ በፊት ማለት በመጋቢት ወር ጨርሶ ቢጠረግ፣ የወንዙ ዳር አትክልት ይድናል። ከኩባንያዎች ጋር የሚደረገውም ውል ከፋዩን ሰፈር ብቻ ሳይሆን የማይከፍለውንም አንድ ላይ ያካተተ ይሁን፤ ገበያው ከሚከፍለው ላይ ለተፈናቃዩ ሰፈር ይቈረጥለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ገበያው የሚሸጠው ሥጋና ወተት የሚመጣው በዚያው ግጦሽ ላይ ከሚሰማራው ከብት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የጥራጊ ሥሩ መጣያው ሜዳ አይደለም፤ የየቤታችን ወጥ ቤት ነው። እዚያ የተለየ ጥራጊ ለአፈር ምግብ፣ ለፍየል መኖ፣ ለቆራሌው እንጀራ ይሆናል። እዚያ የተደባለቀ ግን መኪናውም ገንዳውም ቢበዛ መልሶ የሚለየው የለም፤ በመጨረሻ የምትለየው ያቺው ፍየል ናት፤ እርሷም በጨጓራዋ።